ኦክላሆማ፣ ዓለማያ፣ መንዝ፦ ዩኒቨርሲቲና ገበሬ የተራራቁበት ታሪክ

ከዘመሮ እስከ መሐል ሜዳ በተዘረጋው የመንዝ ደጋ ላይ ዓይን የሚሞላው በግ ነው። የመንዝ በግ ቁመቱ አጠር ያለ፣ ጠጉሩ ሻካራ፣ ላቱም ጫፉ ወደ ላይ የተቀለበሰ ነው። ውርጭ ገብሱን ሲመታ የመንዝ ቤተሰብ የሚቋቋመው በበጉ ነው። ለልጅ ደብተርም ሆነ ለማዳበሪያ ዕዳ የሚሸጠው እሱ ሲሆን፣ ባናውና ዝተቱም የሚሠራው ከጠጉሩ ነው። የኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት ከውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ያደረገው ትብብር የት እንደሰመረ፣ የትስ እንደተሰናከለ ለማየት ከዚህ በግ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም።

ታሪኩ የሚጀምረው ግን ከመንዝ ርቆ ነው። የኦክላሆማ ግብርናና ሜካኒካል ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ዶክተር ሄንሪ ቤኔት በ1942 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተነጋገሩ። ብዙም ሳይቆዩ የአሜሪካ የ«ፖይንት ፎር» እርዳታ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። በታኅሣሥ 1944 ዓ.ም. ቴህራን አቅራቢያ በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ሕይወታቸው ቢያልፍም፣ የጀመሩት ነገር አልቀረም። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የኦክላሆማው ኮሌጅ በኢትዮጵያ የግብርና ኮሌጅ እንዲያቋቁም ውል ተፈረመ። በሐረርጌ፣ ዓለማያ ላይ የታቀደው ግቢ እስኪሠራ ትምህርቱ ጅማ ላይ ተጀምሮ፣ የዓለማያ ኮሌጅ በጥር 1950 ዓ.ም. ተመረቀ።

በዚያ ዘመን ለከፍተኛ ትምህርት እጃቸውን የዘረጉት አሜሪካውያን ብቻ አልነበሩም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን ያቋቋሙት በዶክተር ሉሲየን ማት የሚመሩ የካናዳ ኢየሱሳውያን ናቸው፤ ሃይማኖት እንዳይሰብኩ ተነግሯቸው የካህን ልብሳቸውን አውልቀው ያስተምሩ ነበር። ባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክን ደግሞ ሶቪየቶች ሠሩ። ዓለማያን ከእነዚህ የሚለየው የተሰጠው ኃላፊነት ስፋት ነው። በአሜሪካ የክፍለ ሀገር ግብርና ኮሌጆች ልማድ ኮሌጁ ያስተምራል፣ ይመራመራል፣ የተመራመረውን ይዞ ገበሬው ዘንድ ይሄዳል። ውሉ ሦስቱንም ለአንድ ተቋም ሰጠ። ገበሬው ዘንድ የሄደው ባለሙያ የገበሬውን ጥያቄ ይዞ ወደ ላቦራቶሪው እንዲመለስ የታሰበ አሠራር ነበር።

እኔ በቁጭት የማነበው ቀጥሎ የመጣውን ነው። በ1955 ዓ.ም. ገደማ ገበሬው ዘንድ የመሄዱ፣ ማለትም የኤክስቴንሽን ሥራ ከኮሌጁ ተወስዶ ለግብርና ሚኒስቴር ተሰጠ። በ1958 ዓ.ም. የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ራሱን ችሎ ሲቋቋም የአገሪቱ ምርምር መሪነትም ወደዚያው ዞረ። ኮሌጁ ቀድሞውኑ በ1954 ዓ.ም. ከተመሠረተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተዋህዶ ነበር፤ አሁን በዋናነት የቀረለት ማስተማሩ ሆነ። እያንዳንዱ ውሳኔ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው፤ አንድ ኮሌጅ አገር ሙሉ ገበሬ ሊያዳርስ አይችልም። ሲደማመር ግን መምህሩ፣ ተመራማሪውና የልማት ሠራተኛው ለየራሳቸው አለቃ አደሩ፣ የገበሬውም ጥያቄ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚመለስበት መንገድ ጠበበ።

በመንዝ የሆነውን እንይ። የደጋውን በግ «ለማሻሻል» ኮሪዴልና ሃምፕሻየር የተባሉ ዝርያዎች ከውጭ መጥተው ከአገሬው በግ ጋር ተዳቀሉ። ዲቃላው በሚዛን ላይ ይከብዳል። ገበሬው ግን ሊቀበለው አልፈለገም፤ ገበያ ላይ ገዢው መጀመሪያ የሚያየው ላቱንና ቀንዱን ነውና። ላት የሌለውን በግ ማን ይገዛዋል? ኋላ ላይ ላታም የሆነው አዋሲ የተመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ቀን መንደር ውሎ ቢጠየቅ ይታወቅ የነበረን ነገር ለማወቅ ብዙ ዓመታት ፈጀ።

ነገሩ መልክ የያዘው የኤክስቴንሽን ሥራ ከኮሌጁ ከተወሰደ ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሰሎሞን ግዛው በኔዘርላንድስ ዋኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ባቀረቡት ጥናት የአገራችንን 14 ነባር የበግ ዓይነቶች በ9 ዝርያዎች መደቡ። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በቪየና የሚገኘው የተፈጥሮ ሀብትና የሕይወት ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ፣ ሁለት ዓለም አቀፍ የምርምር ማዕከላትና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በመንዝ፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋር በጎች ላይ አብረው መሥራት ጀመሩ። በሥራው የተሳተፉት ኢትዮጵያውያን የዶክትሬት ተማሪዎች በቪየና ይመዝገቡ እንጂ የጥናታቸው ቦታ ገበሬው ደጅ ነበር።

በመንዝ ሞላሌና መሐል ሜዳ አካባቢ አሠራሩ እንዲህ ነው። ግልገሉ ሲወለድ ጆሮው ላይ ቁጥር ይደረግለታል፤ ሲወለድ፣ ጡት ሲጥልና ስድስት ወር ሲሞላው ይመዘናል። መዝጋቢው የመንደሩ ልጅ ነው። መዝገቡ ደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ሄዶ ይሰላል፤ ስሌቱ ግን የመጨረሻ ቃል የለውም። ወጣት አውራዎች አንድ ቦታ ይሰበሰቡና ገበሬዎቹ ዞረው መልኩን፣ ላቱን፣ ቀንዱን፣ ቁመናውን አይተው ተከራክረው ይመርጣሉ። ግጦሹ የጋራ ስለሆነ ያልተመረጠው ከመንጋው ካልወጣ ልፋቱ ከንቱ ነው፤ ስለዚህ ይኮላሻል፣ ሙክት ሆኖ ይሸጣል። የተመረጠው አውራ የአንድ ሰው ንብረት መሆኑ ቀርቶ በቡድን ያገለግላል።

በ1944ቱ ውል አንድ ላይ የነበሩት ሦስቱ ሥራዎች፣ ማስተማር፣ ምርምርና ገበሬው ዘንድ መሄድ፣ እዚህ ደጋ ላይ እንደገና ተገናኙ። ያገናኛቸው ግን በውጭ ገንዘብ የተጀመረ ፕሮጀክት ነው፤ ፕሮጀክት ደግሞ ዘመን አለው። ደብረ ብርሃን ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የራሱ ዩኒቨርሲቲ አለው፤ ግቢውም በጀርመን ድጋፍ ከተገነቡት 13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። የእንስሳት ሳይንስ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ሙሉ የአንድን መንደር ግልገሎች መዝነው መዝገቡን ቢይዙ፣ ውጤቱም እንደ ማንኛውም ትምህርት ነጥብ ቢሰጠው፣ የመንዝ ገበሬ የሚቀጥለውን የውጭ ስምምነት መጠበቅ አያስፈልገውም ነበር። ሚዛኑም ተማሪውም አለ፤ የቀረው የዩኒቨርሲቲው ሴኔት ሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ማስገባቱ ነው።