የሙቅ ውሃን ዕዳ ማን ከፈለ? ከፍል ውሃ እስከ ኮልፌ

ኮልፌ ውስጥ «አጠና ተራ» የሚባለውን ሰፈር የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። ስሙ የመጣው ለቤት መሥሪያ ከሚሸጠው የባሕር ዛፍ አጠና ነው። ያው ዛፍ ግን ሌላም ሥራ ነበረው፤ ቅርንጫፉና ቅጠሉ ለብዙ አሥርት ዓመታት የከተማዋን የገላ ውሃ ሲያሞቅ ኖሯል። ዛሬ በዚሁ ክፍለ ከተማ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ ምናልባት ውሃችሁን የሚያሞቀው ቦይለር ነው፤ የመብራት ሂሳብ ሲወደድም መጀመሪያ የምትጠረጥሩት እሱኑ ይሆናል። እስቲ ይህን ሂሳብ ከታሪኩ ጋር አብረን እንየው።

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በሙቅ ውሃ ምክንያት ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። የእንጦጦ ከተማ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነበረች፤ ብርዱም ነፋሱም አይጣል ነው። እቴጌ ጣይቱና ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ፍል ውሃ ወርደው መታጠብ አዘወተሩ፤ በ1879 ዓ.ም. እቴጌይቱ እዚያው አካባቢ ቤት አሠሩ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። የፍል ውሃን ሙቀት ምድር ራሷ ትሰጣለች። ማገዶ የለ፣ ጭስ የለ፣ ሂሳብ የለ።

ችግሩ ፍል ውሃ ለሁሉም ቤት አይደርስም። ከተማዋ ስታድግ ምግብ የሚያበስለውም ገላውን የሚታጠበውም ከዙሪያው ደን ቆረጠ። ደኑ ተመናምኖ ማገዶ ከመጥፋቱ የተነሳ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ግንባታ አስጀምረው ነበር። ከተማዋን ከመፍለስ ያዳናት በ1880ዎቹ ከባሕር ማዶ የመጣው፣ ቶሎ የሚያድገውና ሲቆረጥ መልሶ የሚያቆጠቁጠው ባሕር ዛፍ ነው። ማገዶ ተገኘ ማለት ነው።

ታዲያ ዋጋውን ማን ከፈለ? ከእንጦጦ ቁልቁል እንጨትና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ያየ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ሸክማቸው ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ይበልጣል። ይህን በቁጥር እናስበው። የቧንቧው ውሃ 18 ዲግሪ ነው እንበል፤ ባለ 20 ሊትር ባልዲ ሞልቶ ገላ ወደሚያስታጥብ 40 ዲግሪ ማድረስ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይፈልጋል። በሦስት ጉልቻ ላይ ግን ከእንጨቱ ሙቀት ድስቱ ውስጥ የሚገባው ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው፤ ሌላው በነፋስ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ባልዲ 1 ኪሎ ገደማ ደረቅ እንጨት ይበላል። በየቀኑ ለሚታጠቡ አራት ሰዎች 30 ኪሎው ሸክም የአንድ ሳምንት የገላ ውሃ ነው ማለት ነው። ከተሸከመችው ጉልበት አብዛኛው የሞቀው አየርን እንጂ ውሃን አልነበረም።

በ1980ዎቹ የተሠራው የላቀች ምድጃ ቁም ነገርም እዚህ ላይ ነው። ከኬንያው ጂኮ ልምድ ተወስዶ፣ ከውጭ ቆርቆሮ ከውስጥ ሸክላ ሆኖ ተሠራ፤ ሸክላው ሙቀቱን ይይዘዋል። ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ጋር ሲነጻጸር የከሰሉን ሩብ ያህል ያድናል። አዲስ ነዳጅ አላመጣም፤ የሚባክነውን ቀነሰ እንጂ።

ኤሌክትሪክ ሲመጣ ግን ይህን ትምህርት ረሳነው። ቆቃ በ1952 ዓ.ም. 43 ሜጋዋት ይዞ ሥራ ጀመረ፤ ከዚያም ሌሎች ግድቦች ተከተሉ። ታሪፉ ለረጅም ዓመታት ስላልተነካ ቦይለሩ ሌሊቱን ሙሉ ቢበራ ማንም ደንታ አልነበረውም። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ነገሩ ተለወጠ። ከ101 እስከ 200 ኪሎዋት ሰዓት ባለው እርከን የአንዱ ዋጋ 50 ሳንቲም ገደማ ነበር፤ በአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ ጨምሮ ከ1 ብር ከ60 በላይ ሆነ። የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት ግን በ27 ሳንቲም ቆየ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ የሚጨምር ሌላ የአራት ዓመት ማሻሻያ መጣ።

አሁን የቤታችሁን ሂሳብ ሥሩት። ባለ 80 ሊትር ቦይለር ከ18 ወደ 60 ዲግሪ አንዴ ሲሞቅ 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይወስዳል። በየቀኑ ሞልቶ ከተሞቀ በወር ወደ 120 ይጠጋል፤ ቦይለሩ ብቻውን ከዝቅተኛው እርከን ያስወጣችኋል ማለት ነው። ሁልጊዜ በርቶ ከዋለ ማንም ሳይታጠብበት እንኳ በቀን 1 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሊያባክን ይችላል። ለአራት ሰው በባልዲ ሲሆን ግን በወር 60 ገደማ ይበቃል።

መፍትሔው ያው የላቀች ምክር ነው፤ ብክነቱን ቀንሱ። ቦይለሩን ከመታጠባችሁ በፊት አብሩት፣ ሲበቃ አጥፉት። መቆጣጠሪያውን 60 ዲግሪ ላይ አድርጉት፤ ከዚያ ማሳነስ ግን አይመከርም፤ ለብ ብሎ በሚቆይ ውሃ ውስጥ ጎጂ ባክቴሪያ ሊራባ ይችላል። በድስት የምታሞቁ ከሆነ ክዳኑን አትርሱ። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከፈላ በኋላ የምትጨምሩት እሳት ሁሉ እንፋሎት ይሆናል። ተንኖ የሚጠፋ አንድ ሊትር ውሃ ከአንድ ባልዲ በላይ የገላ ውሃ የሚያሞቅ ኃይል ይዞ ይሄዳል! በከሰል ከሆነ ደግሞ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በፍጹም አታንድዱ፤ ሽታ የሌለው ጋዙ ይገድላል።

ጣሪያ ያላችሁ ደግሞ ወደ ላይ ተመልከቱ። ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን 1 ካሬ ሜትር ሰብሳቢ ያለው የሶላር ማሞቂያ የአራቱን ባልዲ ሙቀት ሊሰጥ ይችላል፤ ክረምት ላይ ግን ይደክማል፤ መጠባበቂያ ያስፈልገዋል። ለመግዛት አቅም የማይፈቅድ ከሆነም የሕፃን ገላ ውሃ በሳፋ ፀሐይ ላይ የሚያስቀምጡ እናቶች ያደረጉትን ማድረግ ይቻላል። ረፋድ ላይ ለብ ያለ ውሃ ማሞቅ የሚቀረው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው።

እቴጌይቱ ከምድር በነፃ ያገኙትን ሙቀት ከዚያ ወዲህ ደኑ፣ የእናቶች ጀርባና የግድቡ ውሃ ከፍለውልናል። አሁን ቆጣሪው ዋጋውን ለእኛው እያሳየን ነው። ዛሬ ማታ ቦይለሩን ስታበሩ ስንት ሰዓት ላይ እንደምታጠፉትም አብራችሁ ወስኑ።