ስለ ዶክቶር ቶማስ ያንግ ልዩ ልዩ ምርምር

የዕውቀት ነገር ከጥንት ጀምሮ ሁለት ዓይነት ሊቃውንትን አፍርቷል። አንደኛው በአንድ ስፍራ ጕድጓድ እየቈፈረ ውሃ እስኪያገኝ ድረስ ከዚያ የማይለቅ ነው። ሁለተኛው ከአንዱ መስክ ወደ ሌላው እያለፈ በየስፍራው ምንጭ የሚፈልግ ነው። ከሁለቱ የትኛው ለሰው ልጅ ይበልጥ ጠቀመ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተፈጸመም። ለሁለተኛው ዓይነት ምሳሌ ሆኖ ብዙ ጊዜ የሚጠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ዶክቶር ቶማስ ያንግ ነው። የሕይወቱ ታሪክ ለክርክሩ መልካም ምስክር ስለ ሆነ በዝርዝር ሊታይ ይገባዋል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ያንግ በ1773 ዓ.ም. በሰኔ ወር፥ በሶመርሴት አውራጃ፥ ሚልቨርተን በምትባል መንደር ተወለደ። ወላጆቹ ኩዌከር የሚባለውን የክርስቲያን ማኅበር ሥርዓት የሚጠብቁ ነበሩ፤ ከዐሥሩ ልጆቻቸውም በኵሩ እርሱ ነበረ። በሁለት ዓመቱ ማንበብ እንደ ቻለ፥ በአራት ዓመቱም መጽሐፍ ቅዱስን ሁለት ጊዜ እንደ ጨረሰ ይነገራል። ዕድሜው ዐሥራ አራት ዓመት በሆነ ጊዜ ጽርእንና ላቲንን ዐውቆ፥ ዕብራይስጥን፥ ሱርስትን፥ ዐረብኛንና ፋርስኛን መማር ጀምሮ ነበር። የኢትዮጵያ ቋንቋም ከእነዚሁ ጋራ አብሮ ይቈጠራል።

ለሥራው የመረጠው ሕክምናን ነው። በለንደን፥ በኤዲንበርግ፥ በጀርመን አገር በጌቲንገን፥ በኋላም በኬምብሪጅ ተማረ፤ የዶክቶርነቱን ማዕርግ በ1796 ዓ.ም. በጌቲንገን ተቀበለ። ነገር ግን ገና ተማሪ ሳለ፥ በ1793 ዓ.ም.፥ ሰው በቅርብና በሩቅ ያለውን ነገር እንዴት አጥርቶ ለማየት እንደሚችል መርምሮ፥ በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ቅርጹን እየለወጠ ነው ብሎ ጻፈ። በሚከተለው ዓመት፥ በሃያ አንድ ዓመቱ፥ ሮያል ሶሳይቲ የተባለው የእንግሊዝ ሊቃውንት ማኅበር አባል አድርጎ ተቀበለው። ቆይቶም በገዛ ዓይኑ ላይ መለኪያ እያኖረ ሲመረምር፥ ዓይኑ ወደ ቁመትና ወደ ጐን እኵል እንዳልተሠራ አገኘ። ዛሬ አስቲግማቲዝም የሚባለውንና ብዙ ሰው መነጽር የሚያደርግበትን ይህን ጕድለት በ1801 ዓ.ም. አስቀድሞ የገለጸው እርሱ ነው።

ከዓይን ምርምር ወደ ብርሃን መሻገሩ የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያስደንቀው የተሻገረበት መንገድ ነው። በዚያን ዘመን ሊቃውንት የሚበዙት የታላቁን የኒውተንን ቃል ተከትለው፥ ብርሃን እንደ ደቃቅ ጥይት የሚወረወር ቅንጣት ነው ይሉ ነበር። ያንግ ግን ስለ ሰው ድምፅና ስለ ዜማ መርምሮ ነበርና፥ ሁለት ድምፆች በተገናኙ ጊዜ አንዳንዴ እንደሚበረቱ አንዳንዴም እንደሚደክሙ ያውቅ ነበር። በኵሬ ላይ ሁለት ሞገዶች ሲገናኙም እንዲሁ ነው፤ ጫፍ ከጫፍ ቢገጥም ውሃው ይነሣል፤ ጫፍ ከጐድጓዳው ቢገጥም ውሃው ጸጥ ይላል። እንግዲህ ብርሃንም ሞገድ ቢሆን ይህንኑ ማሳየት አለበት ብሎ ዐሰበ።

ይህንንም ለመፈተን በመስኮት መዝጊያ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አበጅቶ አንድ የፀሐይ ጨረር አስገባ። በጨረሩም መካከል ውፍረትዋ ከአንድ ሚሊሜትር የምታንስ የወረቀት ካርድ በጠርዝዋ አቆመ፤ ብርሃኑ በካርድዋ ግራና ቀኝ ለሁለት ተከፍሎ አለፈ። በጥላዋም ውስጥ ተራ በተራ የተሰለፉ የብርሃንና የጨለማ መስመሮች ታዩ። በአንደኛው ወገን የሚያልፈውን ብርሃን በከለከለው ጊዜ መስመሮቹ ወዲያው ጠፉ። ብርሃን በብርሃን ላይ ቢጨመር ጨለማ ሊሆን እንደሚችል ተገለጠ፤ ይህም ለቅንጣት የማይሆን፥ ለሞገድ ግን የሚገባ ጠባይ ነው። ፈተናውን በ1803 ዓ.ም. በኅዳር ወር በሮያል ሶሳይቲ ፊት አነበበ። ደግሞም ዓይን ቀለማትን ሁሉ የሚለየው ሦስት ዓይነት የመቀበያ ኀይል ስላለው ነው ብሎ አስቀድሞ በ1801 ዓ.ም. አስተምሮ ነበር።

ዳሩ ግን ምስጋና አላገኘም። ሄንሪ ብሩም የተባለው ጸሓፊ፥ ኤዲንበርግ ሪቪው በተባለው መጽሔት ላይ፥ የያንግን ሥራ ዋጋ የሌለው ብሎ በብርቱ ነቀፈው። ያንግ የመልስ መጽሐፍ አሳተመ፤ ከዚያም አንድ ቅጂ ብቻ እንደ ተሸጠ ራሱ ተናግሯል። እውነቱም ሳይታወቅለት ከዐሥር ዓመት በላይ ቆየ። በመጨረሻም ፈረንሳዊው መሐንዲስ ኦጕስቲን ፍሬኔል ከ1815 ዓ.ም. ጀምሮ ያንኑ ዐሳብ በጥልቅ ሒሳብ አስረዳና በ1819 ዓ.ም. የፈረንሳይን አካዳሚ ሽልማት ተቀበለ።

ያንግ በዚህ መካከል ሌላ ፈተና ነበረበት። በሽተኞች ሐኪማቸው ዐሳቡ በሕክምና ብቻ እንዲጸና ይወዳሉ እንጂ ስለ ሞገድና ስለ ጥንት ጽሑፍ የሚጨነቀውን አያምኑትም። ስለዚህ ከሕክምና ውጭ የጻፈውን ብዙውን ነገር ስሙን ሳይገልጽ ያወጣ ነበር። ሆኖም ምርምሩን አላቋረጠም። ብረትና እንጨት በተሳቡ ጊዜ ምን ያህል እንደሚለጠጡ የሚለካበትን ደንብ በ1807 ዓ.ም. በታተመው የትምህርቱ መጽሐፍ ገለጸ፤ መሐንዲሶች ዛሬም ይህን መለኪያ በስሙ ይጠሩታል። ለሕፃናት የሚሰጠው መድኃኒት በዕድሜያቸው እንዲመጠን ሒሳብ አወጣ። ከ1818 ዓ.ም. ጀምሮ መርከበኞች መንገዳቸውን የሚያገኙበትን የከዋክብት አልማናክ ሥራ መራ። በኋላም የሕይወት ኢንሹራንስ ሒሳብ መርማሪ ሆነ። ቋንቋዎችንም እያመዛዘነ ሲያጠና፥ ከህንድ እስከ አውሮፓ ላለው የቋንቋ ነገድ «ኢንዶ አውሮፓዊ» የሚለውን ስም በ1813 ዓ.ም. ያወጣው እርሱ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ ክርክር ያስነሣው ግን ስለ ግብፅ ጽሑፍ ያደረገው ምርምር ነው። በ1799 ዓ.ም. የፈረንሳይ ወታደሮች በአባይ አፍ አጠገብ በረሺድ ከተማ፥ ፈረንጆች ሮዜታ በሚሏት፥ አንድ የተጻፈበት ጥቁር ድንጋይ አገኙ። ጽሑፉ በ196 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ለንጉሥ በጥሊሞስ አምስተኛ የተደነገገ ዐዋጅ ነው። የተቀረጸውም በሦስት ዓይነት ነው፤ በላይ 14 መስመር ሄሮግሊፍ፥ በመካከል 32 መስመር ዴሞቲክ፥ በታች 54 መስመር የጽርእ ጽሑፍ። ድንጋዩ በእንግሊዞች እጅ ወድቆ በ1802 ዓ.ም. ወደ ለንደን ቤተ መዘክር ገባ።

ያንግ ሥራውን በ1814 ዓ.ም. ጀመረ። በጽርኡ ውስጥ «ንጉሥ»፥ «በጥሊሞስ»፥ «ግብፅ» የሚሉት ቃላት ስንት ጊዜ እንደሚደገሙ ቈጥሮ፥ በዴሞቲኩ ውስጥ እንዲሁ የሚደገሙትን ፊደሎች ፈለገ። ዴሞቲኩ ከሄሮግሊፍ የተወለደ መሆኑንም ተረዳ። በሞላላ ክበብ ውስጥ የተጻፈው የንጉሥ ስም መሆኑን ዐውቆ፥ የበጥሊሞስን ስም ፊደል በፊደል ሞከረ፤ ከፊሉ ትክክል ሆነ። ይህንም በ1819 ዓ.ም. በብሪታንያ ኢንሳይክሎፔዲያ ተጨማሪ ክፍል ውስጥ አወጣ። ነገር ግን እነዚህ የድምፅ ፊደሎች ለባዕድ ስም ብቻ የሚያገለግሉ መሰሉት፤ በዚያም ቆመ።

መንገዱን የፈጸመው ፈረንሳዊው ዣን ፍራንሷ ሻምፖሊዮን ነው። እርሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ግብፅን ብቻ የሚያስብ ሰው ነበረ። በፓሪስም ዩሐና ሺፍቲሺ ከተባለ ግብፃዊ ካህን የቅብጥን ቋንቋ አጥብቆ ተማረ። አንድ ቀን በፀሐይ ሥዕል ጀምሮ በሁለት «ስ» የሚፈጸም የንጉሥ ስም አየ። በቅብጥ ፀሐይ «ሬ» እንደምትባል ያውቅ ነበርና «ራምሴስ» ብሎ አነበበው። የድምፅ ፊደሎቹም ለግብፃውያን ነገሥታት ስም ጭምር ማገልገላቸው ታወቀ። ሻምፖሊዮን በመስከረም 27 ቀን 1822 ዓ.ም. መጀመሪያውን ግኝቱን በፓሪስ ሲያነብ ያንግ ራሱ በስፍራው ነበረ። ኋላ ግን ፊተኛው ማን ነው በሚለው ነገር ተጣሉ፤ ክርክሩም የሁለቱን አገሮች ሊቃውንት ለያየ።

በዚህ ነገር አንድ ቁም ነገር ተሰውሯል። የዐረብ ቋንቋ የቅብጥን ቋንቋ ከሕዝቡ አፍ ካስለቀቀው ብዙ ዘመን አልፎ ነበር፤ ካህናት ግን በቅዳሴያቸው ጠብቀው አቆዩት። በቤታቸው የማይናገሩትን ቋንቋ በመቅደሳቸው ባይጠብቁት ኖሮ፥ የፈርዖኖች ጽሑፍ ምናልባት እስከ ዛሬ በተዘጋ ነበር። ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳሳትዋን ከእስክንድርያ መንበር ስታስመጣ በኖረችው በኢትዮጵያ፥ ግእዝም እንዲሁ በቤተ ክርስቲያን ተጠብቆ የኖረ ቋንቋ ነውና፥ ይህ ነገር ለአገሩ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም።

ያንግ በግንቦት 10 ቀን 1829 ዓ.ም. በለንደን ዐረፈ። በመጨረሻው ሕመሙ ጊዜ ብዕር መያዝ ስላቃተው፥ የዴሞቲክን መዝገበ ቃላት በእርሳስ ያርም ነበር። መዝገበ ቃላቱ ከሞተ በኋላ ታተመ። በሕይወቱ ሳለ፥ ብዙ ጀምሮ ጥቂት የሚፈጽም ሰው ነው ያሉት አልጠፉም፤ ነቀፋውም ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ብርሃንን ፍሬኔል፥ ሄሮግሊፍን ሻምፖሊዮን፥ የሦስቱን ቀለማት ትምህርት ከብዙ ዓመት በኋላ ጀርመናዊው ሄልምሆልትዝ ፈጽመውታል። ነገር ግን ዜማን ያልመረመረ ሰው የብርሃንን ሞገድ ለመጠርጠር፥ ስሌትን ያልለመደ ሰውም የድንጋዩን ቃላት በቍጥር ለመፈለግ ባልቀለለው ነበር። ዘሪና አጫጅ አንድ ሰው ባይሆኑም እህሉ የሁለቱም ድካም ነው። ስለዚህ ጥልቀት ያለው ሊቅ ስፋት ያለውን አይናቅ፤ ስፋት ያለውም ጥልቀት ያለውን አይቅደመው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለ፥ ልዩ ልዩ ጥበብም ሲተባበር የተዘጋው ይከፈታል።