የበጋ ውርጭና የጓሮ ዝግጅት በደሴና በኮምቦልቻ

በደሴና በኮምቦልቻ ጓሮ ተክልን የሚጎዳው ብርድ የሚመጣው በበጋ ነው። ክረምቱ ደመናና ዝናብ ስለማይለየው ውርጭ አይጥልም። ሰማዩ ሲጠራ፣ መሬቱ ሲደርቅና ነፋሱ ሌሊት ሲተኛ ግን፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር፣ የደሴ ጓሮዎች ለውርጭ ይጋለጣሉ። የጓሮ መደቦችን፣ እንዲሁም በጣሳ፣ በባልዲ፣ በሸክላና በተቆረጠ ጀሪካን የተተከሉ አበቦችንና ሽታ ያላቸውን ቅጠሎች ለዚህ ወቅት ማዘጋጀት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በጥቅምት፣ የመጨረሻው ዝናብ መሬቱን ሳይለቅ ነው። የሁለቱ ከተሞች ዝግጅት ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የደሴው ከሌሊት ብርድ ለማዳን ሲሆን የኮምቦልቻው በዋናነት ከድርቀት ለማዳን ነው።

ቦታና አየር

ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል፣ ከባሕር ወለል በላይ በግምት 2,500 ሜትር ላይ ትገኛለች። ስሟን አፄ ዮሐንስ 4ኛ እንደሰጧት ይነገራል፤ የወሎ መናገሻነቷ በይበልጥ ከንጉሥ ሚካኤል ጋር ይያያዛል። ኮምቦልቻ ከደሴ በመኪና መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከሐረጎ ቁልቁለት ግርጌ፣ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ እንደሚቀዘቅዝ ሲታሰብ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል የ4 ዲግሪ ያህል ልዩነት ይጠበቃል። 4 ዲግሪ ለሰው አንድ ጋቢ የመደረብ ያህል ነው፤ ለበሶብላና ለቲማቲም ግን የመኖርና ያለመኖር ልዩነት ሊሆን ይችላል።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በጋ የሚለው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ጊዜ ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ደግሞ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መጸው፣ ከዚያ እስከ መጋቢት 25 ሐጋይ ወይም በጋ ይባላል። ለጓሮ ሥራ የሚጠቅመው የመጀመሪያው አከፋፈል ይመስላል፤ ምክንያቱም ደቡብ ወሎ የበልግ ዝናብ ከሚያገኙ አካባቢዎች አንዱ በመሆኑ ከየካቲት ጀምሮ አየሩ ሊለወጥ ይችላል። ኢንስቲትዩቱ በበጋ በሚያወጣቸው ትንበያዎች የሌሊትና የማለዳ ቅዝቃዜን ይጠቅሳል፤ የሌሊት ሙቀታቸው ከ5 ዲግሪ በታች የወረደ ቦታዎችንም ይዘረዝራል። ለቅዝቃዜው ምክንያት ተብሎ የሚጠቀሰው ብዙ ጊዜ ከሳይቤሪያና ከዓረቢያ ከፍተኛ የአየር ግፊት ተነሥቶ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ደረቅ አየር ነው።

5 ዲግሪ ሲባል ግን ለጓሮው ባለቤት መዘናጊያ መሆን የለበትም። የአየር ሙቀት የሚለካው ከመሬት ሁለት ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ በጥላ ሥር በተቀመጠ መለኪያ ነው። ጥርት ባለና ነፋስ በሌለው ሌሊት መሬት ላይ የተዘረጋ ቅጠል ከዚያ በብዙ ዲግሪ ሊቀዘቅዝ ስለሚችል፣ መለኪያው 3 ወይም 4 ዲግሪ እያሳየ ሰላጣው ላይ አመዳይ ሊታይ ይችላል።

ውርጭ የት ይተኛል

ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ቁልቁል ይፈስሳል። ከጦሳ ጎን የወረደው ብርድ በቦርከና ወንዝ ዳርና በየጎድጓዳው ቦታ ይጠራቀማል፤ በተዳፋቱ ወገብ ላይ ያለ ጓሮ ከግርጌው ጓሮ ይልቅ ሊተርፍ ይችላል። ከደሴ በስተ ሰሜን ያለው ቦሩ ሜዳ፣ ማለትም በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ቦታ፣ ሜዳማ በመሆኑ ለእንዲህ ያለው ብርድ ምቹ ነው። ከዚያም ከፍ ብለው ወደሚገኙት ወደ ጉጉፍቱና ወደ ለጋምቦ ከተወጣ ውርጭ የጓሮ ብቻ ሳይሆን የማሳም ጉዳይ ይሆናል፤ ባቄላው፣ ምስሩና ገብሱ ሁሉ የሚሰጋበት ነው።

በአንድ ግቢ ውስጥ ያለው ልዩነትም ቀላል አይደለም። የአጥር ግንብ ከላይ የሚወርደውን ብርድ ካገደ፣ ከግንቡ በላይ በኩል ያለው መደብ የብርድ ኩሬ ውስጥ ይቀራል፤ ከግርጌው ማሳለፊያ ቀዳዳ መተው የሚመከረውም ለዚህ ነው። በአንጻሩ ቀን ፀሐይ የሚመታው የድንጋይ ወይም የብሎኬት ግድግዳ ሌሊት ሙቀቱን ቀስ እያለ ይለቃል። ከጣሪያ ክፈፍ ሥር የተቀመጠ ጣሳም ሰማዩን በቀጥታ ስለማያይ ከመደቡ የተሻለ ዕድል አለው።

በዕቃ የተተከሉ

በወሎ ቤቶች ደጃፍ በብዛት ከሚታዩት መካከል ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ አሪቲ፣ ጠጅ ሳር፣ ኮሰረት፣ ጽጌረዳና እሬት ይገኙበታል። ጤና አዳም ለቡና፣ በሶብላና ኮሰረት ለወጥና ለቅቤ፣ አሪቲ ለመዓዛ ይፈለጋሉ። ከእነዚህ ለብርድ በጣም ስስ የሆነው በሶብላ ነው፤ ከ10 ዲግሪ በታች ባለ ብርድ ውሎ ካደረ ውርጭ ሳይነካው ቅጠሉ ሊጠቁር ይችላል። ዘሩን በጥቅምት ሰብስቦ ተክሉን መልቀቅ ሁለት ወር ሲያስታምሙት ከመክረም የሚሻል ይመስላል። ጤና አዳምና አሪቲ ብርድ ይችላሉ፤ እሬት ግን ውኃ ያዘለ ቅጠሉ ከቀዘቀዘ ይላሽቃል።

ዕቃው ራሱ ትኩረት የሚያሻው ነው። በመደብ ያለ ሥር በዙሪያው ሰፊ አፈር አለው፤ በጣሳ ያለ ሥር ግን ከብርዱ የሚለየው አንድ ጣት የማይሞላ ቆርቆሮ ነው። ቀን ደግሞ ያው ቆርቆሮ ወይም ጥቁር ፕላስቲክ በፀሐይ ይግላል፤ ደሴ ላይ የታኅሣሥ ቀንና ሌሊት ልዩነት 15 ዲግሪ ገደማ ሊደርስ ስለሚችል ሥሩ በየዕለቱ ይጨነቃል። የተለመዱት መፍትሔዎች ጣሳዎቹን አቀራርቦ በግድግዳ ሥር ማሰለፍ፣ ከሲሚንቶ ወለል አንሥቶ በጣውላ ወይም በድንጋይ ላይ ማስቀመጥና ዙሪያውን በጆንያ መጠቅለል ናቸው። ከሥር የውኃ መውጫ ቀዳዳ የሌለው ባልዲ በክረምት ሥሩን አበስብሶ ስለሚያቆይ ለበጋው የሚደርሰው ቀድሞውኑ ታሞ ነው። ማዳበሪያም ከጥቅምት በኋላ መቀነስ አለበት፤ በብርድ ዋዜማ የሚያቆጠቁጥ ለጋ ቅጠል ቀድሞ ይመታል። ጽጌረዳን በኅዳር አጥብቆ መግረዝ የማይመከረውም ስለዚሁ ነው።

መደቦችና የጉዝጓዝ ክርክር

ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ስርና ነጭ ሽንኩርት ቀላል ውርጭ ይቋቋማሉ። ቲማቲም፣ ቃሪያና ዱባ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይሞታሉ። ለደሴ ጓሮ ዋናው ዝግጅት እንግዲህ ምን መትከል እንዳለበት መምረጥ ነው፤ ቃሪያው በጥቅምት ካልደረሰ በጥር የማዳን ተስፋው አነስተኛ ነው።

በጉዝጓዝ ላይ ያለው አስተያየት ግን አንድ አይደለም። መደብን በጭድ፣ በገለባ ወይም በደረቅ ሣር መሸፈን እርጥበት እንደሚያቆይ፣ አረምም እንደሚቀንስ የግብርና ባለሙያዎች አዘውትረው ይመክራሉ፤ ምክሩም ትክክል ነው። ነገር ግን አፈር ቀን የያዘውን የፀሐይ ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ እየለቀቀ በላዩ ያለውን ቅጠል ያሞቃል። ጉዝጓዙ በመካከል ሲገባ ቀን ፀሐዩ አፈሩን አያሞቀውም፣ ሌሊትም ከአፈሩ የሚወጣው ሙቀት ቅጠሉ ዘንድ አይደርስም። ስለዚህ በጉዝጓዝ ላይ ያለ አጭር ተክል ባዶና እርጥብ አፈር ላይ ካለው ይልቅ በውርጭ ሊመታ ይችላል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) በ2005 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የውርጭ መከላከያ መጽሐፍም በዚሁ ምክንያት ውርጭ በሚያሰጋ ጊዜ መሬቱ ከጉዝጓዝና ከአረም ነፃ፣ እርጥብና ያልተኮተኮተ ቢሆን ይመረጣል ይላል። አዲስ የተኮተኮተ አፈር አየር ስለሚይዝ ሙቀት አያከማችም። ኩትኳቶን የትጋት ምልክት አድርጎ ለሚያይ ሰው ይህ የሚዋጥ ምክር አይደለም።

ከዚህ ተነሥቶ ሊሰጥ የሚችለው ጥንቃቄ የተሞላበት ምክር የሚከተለው ነው። ደሴ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ለሰላጣ፣ ለቆስጣና ለችግኝ መደብ ጉዝጓዙን ገፋ አድርጎ መሬቱን ማጋለጥ፣ ውርጭ የሚፈራ ከሆነም በቀትር ውኃ ማጠጣት ይሻላል። ነጭ ሽንኩርትና የአፈር ውስጥ ሥራ ሥሮች ጉዝጓዛቸውን ይዘው ቢቆዩ አይጎዱም። ኮምቦልቻ ላይ ውርጭ እምብዛም ስለማያሰጋ ጉዝጓዙ እንዳለ ይቆይ።

ለማልበስ ጆንያ፣ አሮጌ ነጠላ ወይም ላስቲክ ያገለግላል። ላስቲክ ቅጠሉን ከነካው የነካው ቦታ ይቃጠላልና በቀንበጥ ወይም በሽቦ ቅስት ማንሣት ያስፈልጋል። ልብሱ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ይደረባል፣ ጫፉም እስከ መሬት ይደርሳል፤ የሚያሞቀው ከአፈሩ የሚወጣውን ሙቀት ይዞ በማስቀረት ነውና ግንዱ ላይ ብቻ እንደ ሻሽ ቢታሰር ፋይዳ የለውም። ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ይነሣል።

ጭስና ኅዳር ሲታጠን

ውርጭን በጭስ ማባረር ይቻላል የሚለው እምነት በብዙ አገሮች ይገኛል፤ በኢትዮጵያ ደጋም አለ። ኅዳር 12፣ በቅዱስ ሚካኤል በዓል ዕለት፣ በብዙ ከተሞች ቆሻሻ ተጠራቅሞ ይቃጠላል፤ ይህም ኅዳር ሲታጠን ይባላል። ልማዱ በአብዛኛው የሚያያዘው በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ክፉኛ ከመታው፣ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንንንም ካሳመመው የኅዳር በሽታ ጋር ነው። ከክረምት በኋላ ግቢን ማጽዳትና ማጠን ከዚያም በፊት የነበረ ነው የሚሉ አሉ፤ ሁለቱን ማስታረቅም ይቻላል፤ ነባሩን ልማድ ወረርሽኙ ቀንና ስም ሰጥቶት ሊሆን ይችላል። ከውርጭ ጋር ያለው ዝምድና ምናልባት የጊዜ መገጣጠም ብቻ ነው፤ ኅዳር አጋማሽ ብርዱ የሚከርርበት ወቅት ነውና።

ጭሱ ራሱ ውርጭ አያስቀርም። ከመሬት የሚወጣው የሙቀት ጨረር ወደ 10 ማይክሮሜትር የሚጠጋ የሞገድ ርዝመት አለው፤ የጭስ ብናኝ ግን አብዛኛው ከ1 ማይክሮሜትር በታች ስለሆነ ሙቀቱን አሾልኮ ያሳልፈዋል። ጉም ግን ሌላ ነው። የውኃ ነጠብጣቦቹ ትልልቅ በመሆናቸው ሙቀቱን ይይዛሉ፤ ጉም ሲተኛ ያደረ ጓሮ ጠዋት ደህና ሆኖ የሚገኘው ለዚህ ነው። ጠዋት ጭሱ ሲቆይ ደግሞ ፀሐዩን ጋርዶ ሙቀቱን ያዘገያል። እሳት የሚጠቅም ከሆነ የሚጠቅመው በነበልባሉ ሙቀት ነው፤ ለዚያም ተራርቀው የተቀመጡ ትናንሽ እሳቶች ከአንድ ትልቅ እሳት ይበልጣሉ። ትልቁ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይዞት ይወጣል። ለአንድ መደብ ቃሪያ ሲባል ሌሊቱን እሳት ማንደድ ግን ከማገዶው ዋጋና ከጎረቤት ጤና አንጻር የሚያዋጣ አይመስልም። ፕላስቲክ የተቀላቀለበትን የኅዳር አመድ መደብ ላይ መበተን አይገባም፤ ንጹሕ የእንጨት አመድ ግን ለአፈሩ ፖታሲየም ይጨምራል።

ድንች

ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር እንደሆነ፣ ጊዜውም 1858 እ.ኤ.አ. እንደሆነ በብዙ ጽሑፎች ይደጋገማል። ሰውየው ከዚያ ከሃያ ዓመት በፊት ጀምሮ በትግራይ ይኖር ስለነበር ዓመቱ በትክክል የመትከያው ዓመት ነው ብሎ መቀበል ያስቸግራል። የድንች ቅጠል ከዜሮ በታች በ2 ወይም በ3 ዲግሪ ይቃጠላል፤ አፈር የታቀፈ ድንች ግን ከተሸፈነው የግንዱ ክፍል እንደገና ሊያቆጠቁጥ ስለሚችል፣ የተቃጠለውን ወዲያው ነቅሎ መጣል አያስፈልግም።

ኮምቦልቻና ውኃው

ሎሚ፣ ሙዝና ቡና በኮምቦልቻ ግቢዎች ክፍት ሜዳ ላይ ይከርማሉ። ሙዝ ከ14 ዲግሪ ገደማ በታች ዕድገቱን ስለሚያቆም በታኅሣሥ አዲስ ቅጠል ባያወጣ አልታመመም። ሥራው ውኃ ማጠጣት ነው፤ ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ፣ በቀጥታ ወደ ሥሩ፣ አልፎ አልፎ ነገር ግን ጠለቅ አድርጎ።

ችግሩ ውኃው ከየት ይመጣል የሚለው ነው። በቦርከና ዳር በመስኖ የሚለማ አትክልት ብዙ ነው። ወደ ቦርከና የሚገቡት ለዮሌና ወርቃ የተባሉት ትናንሽ ወንዞች ከከተማዋ ፋብሪካዎች ፍሳሽ እንደሚቀበሉ፣ ውኃና ደለላቸውም ክሮሚየምን የመሰሉ ከባድ ብረቶች እንደተገኙበት የተሠሩ ጥናቶች አመልክተዋል። በበጋ ወንዙ ሲያንስ የሚያቀጥነው ውኃ ስለማይኖር ጉዳዩ ይከፋል። ማጠብ የቅጠሉን ገጽ ያጸዳል፤ በሥር የገባውን ብረት ግን አያወጣም። እንዲህ ያለ ውኃ ለአበባና ለአጥር ተክል ቢውል፣ ጥሬውን ለሚበላ ሰላጣና ለጎመን ግን የቧንቧ ወይም በክረምት የተጠራቀመ የጣሪያ ውኃ ቢመረጥ ይሻላል። የእቃ ማጠቢያ ውኃም ሳሙናው ቀላል ከሆነ ለሙዝ ይሆናል።

ተባይ

በበጋ በጎመን ላይ ክሽክሽ፣ በጽጌረዳ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ይታያል። ኮምቦልቻ ላይ ደረቅ ጉዝጓዝ ምስጥ ሊስብ ይችላል።

ከውርጭ በኋላ

በውርጭ የተመታ ቅጠል መጀመሪያ ውኃ የተነከረ መስሎ ይታያል፣ ከዚያ ይጠቁራል። የጠቆረውን ወዲያው መግረዝ ከሥሩ ያለውን ደህና ቅርንጫፍ ለቀጣዩ ሌሊት ያጋልጣል። ቢያንስ ጥር እስኪወጣ መታገሥ ይመከራል፤ የሞተውና ያለው የሚለየው ተክሉ እንደገና ሲያቆጠቁጥ ነው። የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ ቤት ውስጥ ወይም በክፈፍ ሥር በጥር ተዘርቶ፣ ቀን ቀን እያወጡ ካላመዱት በኋላ፣ በልጉ ሲይዝ ወደ መደብ ይዛወራል።