የመጀመሪያዋን የአይ.ቪ.ኤፍ. ሕፃን ያስገኘው ልኬት

ጁላይ 25 ቀን 1978 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ኦልድሃም ከተማ ሉዊዝ ብራውን ተወለደች። ከማህፀን ውጭ ተፀንሳ የተወለደች የመጀመሪያዋ ሕፃን ናት። ታሪኳ ሲነሳ ሁሌም የሚወራው ስለ ብልቃጡ ነው። መንገዱን የከፈተው ግን ብልቃጡ ብቻ አልነበረም፤ የእናትየዋን ሆርሞን በየጥቂት ሰዓቱ መከታተል ነበር።

ሳይንቲስቱ ሮበርት ኤድዋርድስ፣ ሐኪሙ ፓትሪክ ስቴፕቶ እና ነርሷ ጂን ፐርዲ ለዓመታት ደክመዋል። በ1971 የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት የገንዘብ ድጋፍ ከልክሏቸዋል። መጀመሪያ ላይ ለሴቶቹ እንቁላል የሚያበዛ ሆርሞን በመርፌ ይሰጡ ነበር። እንቁላሉ በርከት ብሎ ይገኛል፣ ፅንሱም በብልቃጥ ያድጋል። ወደ ማህፀን ሲመለስ ግን አይዝም። አንድ እርግዝና ቢገኝም ከማህፀን ውጭ፣ ቱቦ ውስጥ ሆኖ ከሸፈ። መድኃኒቱ ራሱ የማህፀኑን ዝግጅት እያዛባ ይሆናል ብለው ጠረጠሩ።

በ1977 መርፌውን ተዉት። አሁን ደግሞ ሌላ ጭንቅ መጣ። ያለ መርፌ በወር የሚገኘው አንድ እንቁላል ነው፤ እሱም ካመለጠ ወሩ አለቀ። ኤል.ኤች. የተባለው ሆርሞን በድንገት ሲያሻቅብ እንቁላሉ ከአንድ ቀን ተኩል ገደማ በኋላ ይለቀቃል። ያቺን ሰዓት ለማወቅ ሴቶቹ በየሦስት ሰዓቱ ሽንት ይሰጡ ነበር። ሆርሞኑ ከፍ ሲል ሰዓቱ ይሰላል፤ ቀዶ ሕክምናው እኩለ ሌሊት ላይ ቢውልም ይደረጋል።

ቱቦዎቿ ተዘግተው ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ያጣችው ሌስሊ ብራውን በዚሁ መንገድ አለፈች። ኖቬምበር 10 ቀን 1977 አንዲቷ እንቁላል ተወሰደች። ከሁለት ቀን ተኩል በኋላ ስምንት ሕዋስ የሆነው ፅንስ ወደ ማህፀኗ ተመለሰ።

ኤድዋርድስ በ2010 ኖቤል ተሸለመ። ፐርዲ በ1985 ገና በ39 ዓመቷ አርፋ ነበር፤ ስሟም ለረጅም ጊዜ ተረስቶ ቆየ። ሌሊት እየተነሱ ሽንት የሰጡትን፣ ልጅ ግን ያላገኙትን ሴቶችማ ማን ያስታውሳቸዋል?

ዛሬ መርፌው ተመልሷል። በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም ሕክምናው ይሰጣል። በየጥቂት ቀኑ የሚደረገው የደም ምርመራና አልትራሳውንድ ለታካሚዋ አሰልቺ ምልልስና ተጨማሪ ወጪ ይመስላል። ነገር ግን መድኃኒቱ ከልክ ካለፈ ሆድ ውስጥ ውኃ ይቋጥራል፤ ሲከፋም ሕይወት ያሰጋል። ያኔ ልኬቱ እንቁላሏ እንዳታመልጥ ይጠብቅ ነበር። ዛሬ ሴትየዋንም ይጠብቃል።