የቡና ዋጋ ዜና ጉዞ፦ ከገበያ ወሬ እስከ ሞባይል ስልክ

የቡና አምራቹ አርሶ አደር ለረጅም ዘመናት ምርቱን ለገበያ ሲያቀርብ ዋጋውን የሚሰማው ከገዥው አፍ ነበር። በገበያ ቀን ጀንፈሉን በአህያ ጭኖ ወይም በጀርባው ተሸክሞ ከተማ ሲደርስ ዋጋ ነጋሪውም፣ ሚዛን ያዡም፣ ገንዘብ ከፋዩም አንድ ሰው ነው። ቡናው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የጨረታ ማዕከላት ስንት እንደተሸጠ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ቢጠረጥርም እንኳ ጭነቱን መልሶ ወደ ቤቱ ከመውሰድ በተባለው ዋጋ መሸጥን ይመርጣል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ 1991 ዓ.ም. ልዩ ቦታ አለው። በዚያ ዓመት የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ወጣ። በዚያው ዓመት የኦሮሚያ ቡና አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ተመሠረተ። እንዲሁም በዚሁ ዓመት የሞባይል ስልክ አገልግሎት በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ። በጊዜው ሞባይል የከተማ ነዋሪና የባለሀብት መገልገያ ስለነበር፣ ከኅብረት ሥራ ማኅበር ጋር አንድ ቀን ይገናኛል ብሎ ያሰበ ሰው ስለመኖሩ ያጠራጥራል።

ብዙም ሳይቆይ ችግር መጣ። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. የዓለም የቡና ዋጋ ክፉኛ ወደቀ፤ በኒውዮርክ ገበያ የአንድ ፓውንድ ቡና ዋጋ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ አርሶ አደርም ነበር። በዚያ ወቅት አርሶ አደሩን ከጎዱት ነገሮች አንዱ የመረጃ እጦት ነው። ዋጋው የወረደው በዓለም ገበያ ምክንያት ይሁን ወይም በአካባቢው ገዥ ፍላጎት ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቁሞ በ2000 ዓ.ም. ግብይት ጀመረ። የመጀመሪያዋ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን ነበሩ። ቡና ወደዚህ ገበያ የገባው በ2001 ዓ.ም. ነው። የዕለቱ ዋጋ በየከተማው በተተከሉ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎች፣ በሬዲዮ፣ በሞባይል አጭር መልእክትና በ929 የስልክ ጥሪ ይሰራጭ ጀመር። ፊደል ያልቆጠረ አርሶ አደርም ደውሎ ዋጋውን በሚሰማው ቋንቋ ማዳመጥ ቻለ። በገዥና በሻጭ መካከል ይህን ያህል ለውጥ ከዚያ በፊት አልታየም።

ይሁን እንጂ ዋጋን ማወቅ ብቻውን ምርትን በጥሩ ዋጋ አያሸጥም። ሦስት ፈረሱላ ጀንፈል ያለው፣ የማዳበሪያ ዕዳና የልጆች ትምህርት ወጪ የሚጠብቀው ሰው የዕለቱን ዋጋ ቢያውቅም ለመቆየት አቅም የለውም። ማቆየት የሚቻለው መጋዘን ሲኖር ነው፤ መጋዘን ደግሞ ለአንድ ሰው ሳይሆን ለማኅበር የሚሆን ነገር ነው።

ከዚህም ሌላ በስልክ የሚሰማው ዋጋ የተፈለፈለና ደረጃ የወጣለት ቡና ዋጋ ነው። አንድ ኪሎ ንጹህ ቡና ለማግኘት ከአምስት እስከ ስድስት ኪሎ እሸት ቡና ያስፈልጋል። ማድረቂያው፣ መፈልፈያው፣ ትራንስፖርቱና የባንክ ወለዱ ሁሉ በመካከል ይገባሉ። ይህ ስሌት ለአባላት በግልጽ ባልተነገረበት ቦታ ሁሉ ጥርጣሬ ይፈጠራል፤ አባሉም እሸቱን ለማኅበሩ ማስረከብ ትቶ ለሰብሳቢ ነጋዴ መሸጥ ይጀምራል። በመሆኑም የዋጋ ዜና መስፋፋቱ ደላላን ብቻ ሳይሆን የማኅበራትን አመራርም ሒሳብ አስጠይቋል። ይህም በጎ ነገር ነው።

የምርት ገበያው አሠራር ጉድለትም ነበረው። ቡናው በደረጃና በአካባቢ ከሌላው ጋር ስለሚቀላቀል የአምራቹ ስም ይጠፋ ነበር። ዩኒየኖች የአባላትን ቡና በቀጥታ ለውጭ ገበያ የማቅረብ መብታቸው መጠበቁ የጠቀመው በዚህ ረገድ ነው። ቡናው ከየትኛው ማኅበርና ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ ለገዥው መንገር ይቻላቸው ነበር። በኋላም አዋጅ ቁጥር 1051/2009 የቀጥታ ግብይትን በር ይበልጥ ከፈተ።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሞባይል ሌሎች ሥራዎችም ተጨምረውለታል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር ገንዘብን በስልክ ማስተላለፍ አስችሏል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት አንድ ደንብ አጸደቀ፤ ይኸውም ወደ ገበያው የሚገባ ቡና ከታህሳስ 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ተጨፍጭፎ በለማ መሬት ላይ ያልበቀለ መሆኑ እንዲረጋገጥ ያስገድዳል። የደንቡ ተፈጻሚነት በተደጋጋሚ ቢራዘምም፣ የእያንዳንዱ ማሳ መገኛ መመዝገቡ ግን አይቀርም። ከአራት ሄክታር ለማይበልጥ ማሳ በሞባይል የሚወሰድ አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ይበቃል።

በዚህም የሞባይሉ ሥራ ተገላብጧል። ቀድሞ የገበያውን ዜና ለአርሶ አደሩ ያመጣ ነበር፤ አሁን የአርሶ አደሩን ማሳ ለገበያው ያሳያል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ይህ መዝገብ በማን እጅ ይቀመጣል የሚለው ነው። በነጋዴ እጅ ብቻ ከሆነ አምራቹ ነገ ሌላ ገዥ ሲፈልግ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። በመሠረታዊ ማኅበሩ መዝገብ ውስጥ ሲሆን ግን የአባላቱ የጋራ ሀብት ይሆናል።

ስለሆነም መሠረታዊ ማኅበራት የአባሎቻቸውን ማሳ ከወዲሁ መመዝገብ፣ የዋጋ ስሌቱን በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ማስረዳትና ክፍያን ሳያዘገዩ መፈጸም ይጠበቅባቸዋል። የወረዳ ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቶችም ባለሙያና መሣሪያ በማቅረብ ሊያግዟቸው ይገባል። ስልኩ በየአባሉ ኪስ አለ፤ የመደራደር ጉልበት የሚገኘው ግን በኅብረት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ።