ድንበር፣ ወሰን ወይስ ጠረፍ? ‘ቦርደር’ የሚለው ቃል በምሥራቅ ሱዳን

ወድ ኤል ሒለው በምሥራቅ ሱዳን ከሰላ ግዛት፣ ኢትዮጵያውያን ተከዜ፣ ሱዳናውያን ደግሞ ሰቲት በሚሉት ወንዝ አቅራቢያ ትገኛለች። ወንዙን ይዘው ሽቅብ ሲጓዙ የኢትዮጵያ፣ የኤርትራ እና የሱዳን መሬት በሚገናኝበት ስፍራ ሐምዳይት ይደረሳል።

ስለ አካባቢው በእንግሊዝኛ በሚነገሩ ዜናዎች ‘ቦርደር’ የሚለው ቃል ተደጋግሞ ይሰማል። አማርኛ ለዚህ ቃል ድንበር፣ ወሰን እና ጠረፍ የሚሉ አቻዎች አሉት። እንግሊዝኛም ቢሆን ቦርደር፣ ባውንደሪ እና ፍሮንቲር እያለ ይለያል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የመሬትን ባለቤትነትም ሆነ የሰውን ሕጋዊ መብት ይነካል።

ሦስቱ ቃላት

‘ባውንደሪ’ ወደ ወሰን ይቀርባል። አንዱ አገር አብቅቶ ሌላው የሚጀምርበት፣ ስፋት የሌለው መስመር ነው። ‘ወሰን’ የሚለው ስም ‘ወሰነ’ ከሚለው ግስ ጋር ይዛመዳል፤ ወሰን ያለ ውሳኔ አይኖርምና።

‘ፍሮንቲር’ ብዙ ጊዜ ጠረፍ ተብሎ ይተረጎማል። ከመሐል አገር የራቀ፣ ስፋት ያለው አካባቢን ያመለክታል። የቃሉ ሥር በላቲን ግንባር ማለት ነው። አማርኛም የፊትን የላይኛ ክፍልና የጦር ሜዳን በአንድ ቃል ግንባር ይላቸዋል።

‘ቦርደር’ ከሦስቱ ሰፊው ነው። መስመሩንም፣ ኬላውንም፣ አካባቢውንም ሊገልጽ ይችላል። ‘ድንበር ተሻገሩ’ ስንል የምንጠቀመው በዚህ ትርጉሙ ነው። ሱዳናውያን በዐረብኛ ‘ሑዱድ’ ይሉታል።

በውል ላይ እና በመሬት ላይ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በግንቦት 1902 ዳግማዊ አፄ ምኒልክ እና የብሪታኒያ መንግሥት በአዲስ አበባ የተፈራረሙት ውል፣ የኢትዮጵያና የሱዳን ወሰን ከኡም ሐጀር ተነሥቶ በገላባት በኩል ወደ ደቡብ እንደሚያልፍ ይገልጻል። መስመሩን መሬት ላይ የሚያመለክት የጋራ ኮሚሽን እንዲቋቋምም ያዝዛል።

ይሁን እንጂ በ1903 የብሪታኒያው ሻለቃ ቻርልስ ግዊን መስመሩን ያካለለው የኢትዮጵያ ተወካይ በሌለበት ነበር። ሁለቱ አገራት በ1972 በተለዋወጡት ደብዳቤ የግዊንን መስመር ለማካለሉ ሥራ መነሻ አድርገው ቢቀበሉም፣ ምልክቶቹን ዳግም የመትከሉ ሥራ አልተጠናቀቀም።

በሕግ ቋንቋ ወሰንን በውል መወሰን እና በመሬት ላይ ማካለል ሁለት የተለያዩ ተግባራት ናቸው። በገዳሪፍ ግዛት የሚገኘው ለም የአል ፋሽጋ መሬት ለዓመታት ሲያወዛግብ የኖረው በእነዚህ ሁለት ተግባራት መካከል በቀረው ክፍተት ነው። በ2020 መገባደጃ የሱዳን ጦር ወደ ስፍራው ሲገባ፣ አርሶ አደሮች ለዓመታት ያረሱት መሬት በማን ወሰን ውስጥ እንዳለ ዳግም አከራካሪ ሆነ።

ድንበር የተሻገረ ሰው

በኅዳር 2020 በትግራይ ጦርነት ሲቀሰቀስ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሰደዱ። ወንዙን ተሻግሮ ሐምዳይት የደረሰ ሰው በዓለም አቀፍ ሕግ የስደተኛን ጥበቃ መጠየቅ ይችላል። በዚያው ጦርነት ከቤቱ ሸሽቶ ሳይሻገር የቀረው ግን የአገር ውስጥ ተፈናቃይ ይባላል። የሁለቱ ችግር አንድ ሊሆን ይችላል፤ የሚለያቸው ድንበሩ ነው።

የ1951 የስደተኞች ስምምነት ማንም ስደተኛ ሕይወቱ ወይም ነጻነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት አገር ድንበር እንዳይመለስ ይከለክላል። የ1969 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት ደግሞ ስደተኞች ለደኅንነታቸው ሲባል በተቻለ መጠን ከትውልድ አገራቸው ድንበር ራቅ ብለው እንዲሰፍሩ ያዝዛል። ሐምዳይት የደረሱ ብዙዎች በገዳሪፍ ግዛት ወደሚገኙት ኡም ራኩባ እና ቱነይድባ መጠለያዎች የተወሰዱትም ለዚህ ነው።

ሁለቱም ስምምነቶች በእንግሊዝኛ ቅጂያቸው የሚጠቀሙት ‘ፍሮንቲር’ የሚለውን ቃል ነው። ቃሉ በዕለት ተዕለት ንግግር ጠረፍን ቢያመለክትም፣ በሕግ ሰነድ ላይ አገራትን የሚለየውን መስመር ራሱን ሊገልጽ ይችላል።

ስለዚህ በአማርኛ ስንጽፍ በውል ስለተቀመጠው መስመር ‘ወሰን’፣ ሰዎች ስለሚሻገሩት ‘ድንበር’፣ ሕዝብ ስለሚኖርበትና ስለሚያርሰው አካባቢ ‘ጠረፍ’ ብንል ሐሳቡ ይጠራል። ወድ ኤል ሒለው በዚህ አገባብ የጠረፍ ከተማ ናት።