በጎንደር የከተማው ሰው ማን ነበረ?

ዐፄ ፋሲል ጎንደርን በ1630ዎቹ (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር) ከቈረቈሩ በኋላ ከተማይቱ ልዩ ልዩ ወገን ሰብስባ ነበር። ልጃቸው ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በ1668 ባደረጉት ጉባኤ ግን እስላሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኑ ተለይተው በየራሳቸው ሠፈር እንዲቀመጡ፥ ፈረንጆችም የአገሩን ሃይማኖት ካልተቀበሉ ወጥተው እንዲሄዱ ተወሰነ። እስላም ቤት ወይም አዲስ ዓለም፥ እንዲሁም ካይላ ሜዳ የተባሉት ሠፈሮች ለዚህ ምስክር ናቸው።

ይህን ብቻ የተመለከተ ሰው ዐዋጁ የከተማውን ልጅ ከባዳው ለየ ብሎ ይፈርድ ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። ከግንበኛው፥ ከአናጢውና ከቀጥቃጩ ብዙው ቤተ እስራኤል ነበረ፤ የሩቁን ንግድ በአብዛኛው የያዘው እስላሙ ነበረ። ስለዚህ በሠፈር የተለያየው ሕዝብ በግንቡ ሥራና በገበያው ይገናኝ ነበር። ዐዋጁ ከዐሥር ዓመት በኋላ፥ በ1678፥ እንደገና መታወጁም በመጀመሪያው ትእዛዝ በሚገባ እንዳልተፈጸመ ያስጠረጥራል።

እንደ እኔ አስተያየት፥ ወገንን ከወገን አጥብቆ የለየው ከሠፈሩ ይልቅ ማዕዱ ነው። ክርስቲያኑ እስላሙ ያረደውን አይበላም፥ እስላሙም የክርስቲያኑን። ቤተ እስራኤልም ቢሆኑ በዐዋጅ ብቻ የተገለሉ አልነበሩም፤ ሌላውን ሰው የነካ ሳይታጠብ ወደ ቤቱ እንዳይገባ የሚከለክለውን የ«አትንኩኝ» ሥርዓት ራሳቸው ይጠብቁ ነበር።